የጽድ ጫካ ሕግ

ያደግሁት አጠና ተራ ነው። መርካቶን ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። ለማያውቅ ግን፣ ሰፈራችን ባሕር ዛፍ ሁሉ ልብሱን አውልቆ፣ ግድግዳ ተደግፎ ገዢ የሚጠብቅበት ቦታ ነበር። አባቴ አሸብር አጠና ይነግዳል። ስለዚህ እስከ ስምንት ዓመቴ ድረስ ለእኔ ዛፍ ማለት ቅጠልም ቅርንጫፍም የሌለው፣ በቁመቱ ተለይቶ የሚደረደር ነገር ነው። በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ግቢ የቆሙ ዛፎች አይቻለሁ፤ እነሱን ግን የታቦቱ ንብረት በመሆናቸው ሳይሸጡ የቀሩ አጠናዎች አድርጌ ነበር የማያቸው።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ ቤተሰቡ በሙሉ መናገሻ ጫካ ሽርሽር እንደሚሄድ ተነገረኝ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው ጫካ ነው። ሽርሽር የሚለውን ቃል ቤታችን ያመጡት ጎረቤታችን አቶ ከበደ ናቸው። አቶ ከበደ የተጣላ ሲያስታርቁ፣ ያልተጋባ ሲያጋቡ የሚውሉ ሰው ነበሩ፤ የሚያስታርቁት ያው ያጋቧቸውን ነው እየተባለ ይታማሉ።

«ንጉሥ የተከሉትን ዛፍ ሳያዩ መሞት ነውር ነው» አሉ። አባቴ ከዚያ ቀን በፊት ለማየት ብሎ ዛፍ ያየ ሰው አልነበረም፤ እቴቴም፣ እናቴን ማለቴ ነው፣ ከመሳለሚያ ወዲያ ያለውን አገር በሙሉ ብርድ ነው የምትለው። ሁለቱም ወዲያው መስማማታቸው አላስገረመኝም። ትልቅ ሰዎች ንጉሥን የሚያከብሩ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ ሌላ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በአጠና ተራ ሴት ልጅን ለማየት የመጣ ሰው የቀረበለትን ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ ወሬው አማኑኤል ይደርሳል። ታይታ የተመለሰች ልጅ ደግሞ ገበያተኛ ነካክቶ እንደተዋት ሸማ ዋጋዋ ይወርዳል። አቶ ከበደ ለዚህ መላ ዘየዱ፤ የሚታየው ጫካው ነው ተብሎ፣ የምትታየው ሸዋገነት እንድትሆን።

ሸዋገነት የአባቴ ታናሽ እህት ናት። መሳለሚያ አጠገብ ጽሕፈት መኪና ትማር ስለነበር ጣቶቿ ሥራ አይፈቱም። ጠረጴዛ ላይ፣ ጉልበቷ ላይ፣ ስታስተኛኝ ጀርባዬ ላይ ሳይቀር ትጽፋለች። ምን እንደጻፈች ስጠይቃት «ማመልከቻ» ትለኛለች። ለማን እንደሆነ ግን አትነግረኝም።

መምህሯ አስናቀው የሚባል፣ ኮፍያ የሚያደርግ ቀጭን ሰው ነበር። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ጠብቆ የታጠፈ ወረቀት ይሰጠኛል፤ እኔም ለሸዋዬ አደርስላታለሁ። የቤት ሥራ መሆኑን ነግራኛለች። ያን ያህል ትልቅ ሰው ያን ያህል የቤት ሥራ ሲበዛባት ታሳዝነኝ ነበር። ከሽርሽሩ በፊት በነበረው ሳምንት ግን አንዱ ወረቀት ትራሴ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ማንበብ ጀምሬ ስለነበር የመጀመሪያውን መስመር ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩት። «የልቤ እመቤት ሸዋዬ» ይላል። የቤት ሥራ እንዲህ ተብሎ እንደማይጀመር አውቅ ነበር፤ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሐምዱ መኪና ተጫንን። ሐምዱ የወሎ ሰው ነው፤ የአባቴን አጠና የሚያመላልስ አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና አለው። አባቴና አቶ ከበደ ጋቢና ገቡ፤ እቴቴ፣ ሸዋዬና እኔ ከኋላ አገልግሉን ከበን ተቀመጥን። እቴቴ ገና ኮልፌ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት። ሸዋዬ አዲስ ቀሚሷ እንዳይቆሽሽ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷ ላይ ትጽፍ ነበር። ድንገት አቆመችና ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ሠርኬ፣ የምንሄድበት ጫካ ሕግ እንዳለው ነግረውሻል?»

«አልነገሩኝም።»

«ንጉሡ ዛፎቹን ሲያስተክሉ ቃል አስገብተዋቸዋል። ጥላቸው ሥር የዋሸ ሰው መውጫው ይጠፋበታል።»

«ለዘላለም?»

«ጉሬዛ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም። «ዛፍ ላይ ነው የሚኖሩት። ነጭ ጢም፣ ነጭ ጋቢ አላቸው። ድሮ ሽማግሌዎች ነበሩ። ዋሽተው ነው እንደዚያ ሆነው የቀሩት።»

«እኔ አልዋሽም» አልኳት።

«ውሸት ሰምቶ ዝም ያለም ያው ነው።» ጣቶቿን አየት አደረገች። «ከጥላው ሳይወጡ እውነቱን ጮክ ብሎ የተናገረ ከተገኘ ግን ለሁሉም ይቀርላቸዋል።»

በቀረው መንገድ የእቴቴን እጅ ይዤ ተቀመጥኩ። እቴቴ ቀኑን ሙሉ የምትዋሽ ሰው ነበረች፤ ለለማኝ የለንም፣ ለጎረቤት አልሰማሁም፣ ለአባቴ አልደከመኝም ትላለች። እሷን ይዤ ጫካ መግባቴ አስፈራኝ።

ጫካው አፍ ላይ ወርደን በእግር ገባን። ብርዱ ከውጪው ይለያል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለው ዓይነት ነው። ከግንዶቹ ላይ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል፤ መሬቱ ለስላሳ ሆኖ የእግራችንን ድምፅ ይውጠዋል። ወደ ላይ ባየሁ ጊዜ ጫፋቸው የማይታይ ዛፎች ቆመው አየሁ። የዛን ቀን ነው አጠና ማለት የሞተ ዛፍ መሆኑ የገባኝ፤ አባቴን ሰርቄ ቀና ብዬ አየሁት። እሱ አንዱን ትልቅ ጽድ በሁለት እጁ አቅፎታል። ለንጉሡ መታሰቢያ ሲሳለመው መስሎኝ ልቤ ተነካ። «ይሄ ብቻውን ሦስት ምሰሶ ይወጣዋል» አለ ለሐምዱ።

ጉሬዛዎቹም ነበሩ። ሰባት ሆነው ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቁልቁል ያዩናል። እጅ ነስቼ «እንደምን ዋላችሁ» አልኳቸው። ሸዋዬ ፊቷን አዞረች።

ትንሽ እንደሄድን ከአንድ ግዙፍ ጽድ ሥር ሰዎች አገኘን። «እንዴት ያለ አጋጣሚ ነው!» አሉ አቶ ከበደ። አጋጣሚው ምንጣፍ አንጥፎ፣ ጠጁን በጠርሙስ ደርድሮ ነበር የሚጠብቀን። አንዲት ነጭ የለበሱ ባልቴትና ልጃቸው ቦጋለ ነበሩ። ቦጋለ እዚያው ጫካ ሥር መሬት አለው አሉ፤ ረጅም፣ ጠይም፣ ቦት ጫማው የተወለወለ ሰው ነው። አንድም ቃል ሳይናገር መሬቱን በእንጨት ይጭር ነበር። የጫካው ዘበኛ መሰለኝ።

እናቱ ሸዋዬን አጠገባቸው አስቀመጧት። እጇን ያዙ፤ መዳፏን ገለጡ፤ «እስኪ ሳቂ የኔ ልጅ» አሉና ጥርሷን አዩ። ሸዋዬን ሳናውቀው አሟት ሐኪም ዘንድ ያመጣናት መሰለኝ።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሃያ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው» አሉ አቶ ከበደ።

መንገዱን ዞር ብዬ አየሁት። የገባንበት ቀዳዳ የጠበበ መሰለኝ። ጋሼ ከበደ ቢቀሩ ብዙም ግድ አልነበረኝም፤ ግን ሁላችንም ሰምተን ዝም ብለናል።

«ሃያ ሰባት ናት» አልኩ ጮክ ብዬ። «ጣሊያን ሲወጣ በእግሯ ትሄድ ነበር። አባዬ ነው ያለው።»

ሳቅ ሆነ። አቶ ከበደ «ልጅ ምን ያውቃል» ብለው ራሴን ዳበሱኝ፤ ዳበሳው ጠንከር ያለ ነበር። እቴቴ ቶሎ ብላ አገልግሉን ፈታች። ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ባልቴቷ ቀምሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እጇ ነው» አለች እቴቴ። «እኔማ ማጀት አልገባሁም፤ ሁሉንም ብቻዋን ነው የሠራችው።»

ለእቴቴ ስል ሞት እንኳን አልፈራም ነበር። «አንቺ ነሽ የሠራሽው፣ እቴቴ» አልኩ፣ እንባዬ እየመጣ። «ሸዋዬ ሽንኩርቱን ምድጃው ጠርዝ ላይ ጽሕፈት ስትለማመድ አሳረረችው። አንቺም አባረርሻት።»

አሁን የሳቀው ሐምዱ ብቻ ነው። ሥጋው የክርስቲያን ስለሆነ እሱ ራቅ ብሎ ግንድ ላይ ተቀምጦ ቴምሩን ይበላ ነበር፤ ሳቁ ከጫካው ውስጥ ተመልሶ መጣ። እቴቴ በነጠላዋ ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ሕይወቷን ላተረፈላት ሰው የሚሰጠው ይህ መሆኑ በጣም አናደደኝ።

ከምሳ በኋላ ስም መቁጠር ጀመሩ። ዛፎቹን የተከሉትን ሰዎች ስም በየተራ እየጠሩ እስከ ንጉሡ ሊደርሱ መስሎኝ ነበር። የሚቆጠረው ዘር መሆኑን፣ ሁለት ቤተሰብ እስከ ሰባት ቤት እንዳይገናኝ እንደሚጣራ ያኔ ማን ነግሮኝ። አቶ ከበደ የእኛን ወገን ያዙ። «ሸዋገነት ወርቁ፤ ወርቁ የደጃዝማች ኃይሌ ልጅ …»

የአያቴን አባት ታሪክ አባቴ በዓል በመጣ ቁጥር፣ ሁለተኛው ብርሌ ላይ ያወራዋል። ስለዚህ ተነሥቼ ቆምኩ።

«ደጃዝማች አልነበሩም። የደጃዝማች በቅሎ ጫኝ ነበሩ። በቅሎዋ ረግጣቸው ነው የሞቱት።»

አባቴ ከዛፍ ልኬቱ ተመለሰ። እቴቴ ልትይዘኝ ስትነሣ ወደ ኋላ እየሸሸሁ ሕጉን ለሁሉም ነገርኳቸው፤ የንጉሡን ቃል፣ መውጫው እንደሚጠፋ፣ ከላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ምን አድርገው እንደዚያ እንደሆኑ። አቶ ከበደ ሳያስቡት ቀና ብለው ጉሬዛዎቹን አዩ።

ከዓመታት በኋላ ከመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ጋር ያንን ጫካ ጎብኝቻለሁ። የሚያስጎበኘን ወጣት ከአንድ ጽድ ሥር አቁሞን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከዘርዓ ያዕቆብ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው ብሎ ያንኑ ሕግ ተረከልን። በሐምዱ መኪና ላይ፣ ኮልፌን ስናልፍ የተፈጠረ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ውሸት ሰምቼ ዝም አልኩ፤ በሰላምም ወጣሁ።

ያን ቀን ግን ገና አልወጣንም። ባልቴቷ እጃቸውን አንሥተው ሁሉንም ዝም አሰኙ። ብልህ ሴት ነበሩ፤ ከአቶ ከበደ የሚሰማ ነገር እንደሌለ ገብቷቸዋል። ሸዋዬን በቀጥታ ጠየቋት።

«ልጄ፣ ዕድሜም ይሁን፣ ወጥም ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። በልብሽ ሌላ ሰው አለ?»

ሸዋዬ አልቸኮለችም። ጣቶቿ ቀሚሷ ላይ ተኝተዋል። መጀመሪያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ። ፈርታ መስሎኝ፣ ዝም በይልኝ የምትለኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወደ ባልቴቷ ዞረችና «የለም፣ እትዬ» አለች።

ሌሎቹ ቢጠፉ ተፈልገው ይገኙ ይሆናል። እንደ ሸዋዬ ግን የምወደው ሰው አልነበረኝም፤ እዚያ ዛፍ ላይ፣ ጣቶቿ በቅርንጫፍ ላይ ሲጽፉ ታየኝ።

«አለ» አልኩ። «ጋሼ አስናቀው አለ። የልቤ እመቤት ይላታል። ወረቀቱን የማመጣው እኔ ነኝ።»

ባልቴቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ቦጋለ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አለቀሰ ብዬ አዘንኩለት።

ስንመለስ መኪናው ላይ እቴቴ ጆሮዬን ጠመዘዘችኝ። እኔ ግን ደጋግሜ እቆጥር ነበር። አባዬ፣ ጋሼ ከበደ፣ ጋሼ ሐምዱ፣ እቴቴ፣ ሸዋዬ፣ እኔ። አንድም ሰው አልቀረም። ጭኔ ቆስሎ፣ ጆሮዬ ቀልቶ፣ ከዚያ ቀን በላይ በራሴ ኮርቼ አላውቅም።

የሚቀጥለው እሑድ አስናቀው ቤታችን ተጠራ። አባቴ ተቆጥቶ ሳምንቱን ከረመ እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም። «ሽማግሌ ላክ፤ አልከለክልህም» አለው። «እህቴ ስሟ ከሚጠፋ የወደደችውን ታግባ።»

አስናቀው ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክር ነበር። ሸዋዬ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጓዳ ናት። ጣቶቿ እንስራው ላይ ሲመቱ ይሰማኛል።

«ጋሼ አሸብር፣ ሸዋገነት ጎበዝ ተማሪዬ ናት» አለ። «እንደ እህቴ ነው የማያት። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ልጅቱ ተሳስታ ይሆናል።»

ሁሉም እኔን አዩኝ። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። የቤታችን ጣሪያ አጠና ነው፤ ሕጉ ለተቆረጠ ዛፍ ይሥራ አይሥራ አላወቅሁም። ስለዚህ ዝም አልኩ። ከመጋረጃው ጀርባ የጣቶቹ ድምፅ ቆመ።

በወሩ አስናቀው ጅማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ሸዋዬ አላለቀሰችም፤ ከእኔ ጋርም አልተጣላችም። ስታስተኛኝ ግን ጀርባዬ ላይ መጻፍ ተወች። ያኔ ነው ያጠፋሁት ነገር ቀስ እያለ የገባኝ። ከሁሉም በላይ የምወዳትን ሰው ከምትወደው ሰው የለየሁት እኔ ነኝ አልኩ፤ ያንን በደል ይዤ አደግሁ፣ ይዤ አገባሁ፣ ይዤ ወለድኩ።

ታኅሣሥ ላይ ቦጋለ አጠና ተራ መጣ። ሽማግሌ የለ፣ እናት የለ፤ ብቻውን። ደጃፋችን ላይ ቆሞ ሸዋዬን አስጠራት። እኔ የአጠና ክምር ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። መንግሥት ልኮት ሊከሳት የመጣ መስሎኝ ነበር።

«ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው» አላት። «እዚያ ጫካ ሥር ተወልጄ፣ እዚያው አደግሁ። የአያቶቼን ተረት ሁሉ አውቃለሁ። ስለ ውሸትና ስለ ጉሬዛ ሰምቼ አላውቅም።»

ሸዋዬ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«ማን እንደፈጠረው ሳስብ ሁለት ወር ሆነኝ። ልጅቱ አይደለችም። ያንን ቀን ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ፊቴን ሸፍኜ እናቴን አሳፈርኳት።»

ሸዋዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከጥቅምት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

«ጽሕፈቱን እጨርሳለሁ» አለችው።

«ጨርሺ።»

«ከጨረስኩም በኋላ እሠራለሁ።»

«ሥሪ። ሆለታ ጸሐፊ ይፈልጋሉ። በበቅሎ አደርስሻለሁ።»

በሃምሳ ስምንት፣ ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። አቶ ከበደ ያጋባሁት እኔ ነኝ እያሉ እስኪሞቱ ድረስ አወሩ፤ እንዲህ ባለው ነገር ማንም አልተከራከራቸውም። ቦጋለ በየማለዳው በበቅሎ አደረሳት፤ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ኋላም በእግር ሸኛት። ለጫካው ልጆች ሁሉ ያንን ሕግ የሚተርክላቸውም እሱ ነበር። አርባ ሁለት ዓመት አብረው ኖሩ።

ሲሞት ሆለታ ሄድኩ። በሠልስቱ ለቀስተኛው ሲቀንስ ሸዋዬና እኔ ፍራሽ ላይ ብቻችንን ቀረን። ሦስቱንም ቀን እንባ አልወጣትም፤ ሰው ሁሉ ይህንኑ ያንሾካሽክ ነበር። አርጅታለች፤ ጣቶቿ ተቆላልፈው ጉልበቷ ላይ ተኝተዋል። ከዚያ በኋላ ዕድል ላላገኝ እችላለሁ ብዬ ያንን ሁሉ ዘመን የተሸከምኩትን አወጣሁት።

«ሸዋዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«ምን አድርገሽ?»

«ጋሼ አስናቀውን። ያን ቀን አፌን ባልከፍት …»

ባለማመን አየችኝ። «አፍሽን እንድትከፍቺ አይደል እንዴ ይዤሽ የሄድኩት? ደብዳቤውን ትራስሽ ላይ የዘረጋሁት ለምን ይመስልሻል? ሽማግሌ እልካለሁ እያለ ሁለት ዓመት አንከባለለኝ። ነገሩ ሰው ፊት ከወጣ መሸሻ ያጣል ብዬ ነው።»

«ያንን ሁሉ መኪናው ላይ አሰብሽው?»

«ሳምንቱን ሙሉ ሳስበው ነው የከረምኩት። ተረቱ ብቻ ነው መኪናው ላይ የመጣልኝ። ዕድሜዬን እንደምትናገሪ፣ ወጡን እንደምትናገሪ፣ ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚጠይቁኝ፣ እቴቴ እንደምትቆነጥጥሽ ሳይቀር አስቤዋለሁ። ለቁንጥጫው አንቺ ይቅር በይኝ። አስናቀው እዚያው ቤታችን ተቀምጦ ይክደኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።»

አርባ ዓመት የተሸከምኩት በደል የእኔ አልነበረም። መቅለል ነበረበት፤ እንደተታለለ ሰው ግን ትንሽ ተናደድኩ።

«ጋሼ ቦጋለንስ?» አልኳት። «እሱንም አስበሽበት ነበር?»

ፊቷን ወደ ደጁ አዞረች። ደጁ ላይ ድንኳኑን የሚያፈርሱ ልጆች ካስማውን እየነቀሉ ይጠራራሉ።

«ቦጋለን ጨርሶ አላሰብኩትም» አለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና፣ ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።